የንጹሕ እጆች ቀበሌ

በእኛ ቀበሌ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ ፊቱን የሚታጠብ ሰው የለም። መጀመሪያ እጅ ይታያል። በየቤቱ ደጃፍ፣ ግራው መቃን ላይ፣ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ነገር ተሰክቷል። «አሽታች» እንለዋለን። እጃችሁን ትለጥፉበታላችሁ፣ አንዴ ትተነፍሱበታላችሁ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። አረንጓዴ ከበራ ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ወደ ጫካ ነው። ቢጫ ከበራ ትናንት የበላችሁትን እያስታወሳችሁ ትጨነቃላችሁ። ቀይ ሲበራ እኔ አይቼ አላውቅም። የበራበት ሰው እኛ ዘንድ አይኖርም፤ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖረው።

የምንለቅመው ኮረሪማ ነው። ከጎጀብ ወንዝ ወዲህ ባለው ጫካ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ አያቶቻችን በተከሉት ቦታ። በዚህ ዘመን ኮረሪማ በየከተማው በበርሜል ይመረታል፤ ዛፍ ሳያይ፣ አፈር ሳይነካ፣ ከጨው በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። የእኛ የሚፈለገው «ንጹሕ እጅ» የሚል ማኅተም ስላለበት ብቻ ነው። ማኅተሙ የሚለው ይህን ነው፦ ይህን ኮረሪማ የነካ ሰው ኪኒን አልዋጠም፣ መርፌ አልተወጋም፣ ሳሙና አልነካም። ገዢዎቹ ሩቅ አገር ያሉ ባለጸጎች ናቸው። እነሱ ራሳቸው በመድኃኒት ብዛት መቶ ዓመት ያልፋሉ አሉ። ታዲያ ሁሉን በልተው ሲጨርሱ አንድ ነገር አማራቸው። መድኃኒት የማያውቅ ሰው የነካውን መብላት።

እዚህ በአንድ ጀንበር አልደረስንም። በአባቴ አያት ዘመን ማዳበሪያ አትጠቀሙ አሉ፤ ድሮስ መች ተጠቅመን፣ እሺ አልን። ቀጥሎ ፀረ ተባይ አሉ፤ እሺ። ላስቲክ ጆንያ አሉ፤ እሺ፣ በቃጫ ሰፋን። ሳሙና አሉ፤ እንዶድ አለን አልን። በየእርምጃው ስብሰባ ነበር፣ በየስብሰባው አበልና ለስላሳ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ጭብጨባ ነበር። መድኃኒት ላይ ሲደርሱ እጃችን ማጨብጨብ ለምዶ ቆይቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእኛም እንቁላል ሄዶ ሄዶ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ።

ደንቡ አጭር ነው። በለቀማ ወራት አንድ ሰው መድኃኒት ከወሰደ የቀበሌው ምርት በሙሉ «ተራ» ይባላል። ተራ ማለት ከበርሜሉ ጋር ገበያ መውጣት ነው፤ ያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጦም ማደር ነው። የወሰደው ሰው ሦስት ክረምት ሳያልፍ ጫካ አይገባም፤ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠባቂ አላስፈለገንም። ጎረቤት ጎረቤቱን ያሸታል።

እኔ ሶርሳ እባላለሁ። የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ነኝ። ዘመኑ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በስልክ የሚያረዳ ሰው ሰው አይደለም። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጥቼ እነፋለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። ጥሩንባ ሲነፋ ሥራ ይቆማል፤ አሽታቾቹም እስከ ሠልስቱ ድረስ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናሉ። ሽማግሌዎቻችን ናቸው ተከራክረው ያስፈቀዱት፤ ለቅሶ ቤት እጁን እያስፈተሸ የሚገባ ሰው የለም ብለው። ማዶኛም ቢሆን ለቅሶ አይከለከልም። ገዢዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ማሸጊያው ላይ «ባህላቸው የተከበረ» የሚል ጽሑፍ አለና።

ዘንድሮ ለቀማው እንደተጀመረ ባለቤቴን አስካለን እሾህ ወጋት። የኮረሪማውን ሥር ስታጸዳ፣ መዳፏ ላይ፣ ትንሽ ነገር። አስካለ በእሾህ የምትነጫነጭ ሴት አይደለችም፤ የምትነጫነጨው በእኔ ነው። በማግሥቱ እጇ አበጠ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን አሠርንበት። ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናት። ቅጠል አላንቋሽሽም፤ እንጀራዬ ቅጠል ነው። ግን ቅጠል የራሱ ልክ አለው፤ ልኩን የሚያውቁት እናቶቻችን «ከዚህ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዷት» ይሉ ነበር። ዛሬ ምክሩ ሁሉ ተጠብቆ ያቺ የመጨረሻዋ ብቻ ተቆርጣ ወድቃለች።

ከእጇ ተነስቶ ወደ ብብቷ ቀይ መስመር ወጣ። ሰውነቷ እሳት ሆነ። ከሞቱ ዓመታት ካለፋቸው እናቷ ጋር መነጋገር ስትጀምር ቅርጫቴን ጥዬ ወደ ዕድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ ላሊሶ ሄድኩ። ጋሽ ላሊሶ የኮረሪማ ኅብረት ሥራ ማኅበሩም ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሁለቱ ወንበሮች ከተጋቡ ቆይተዋል። ደግ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም።

«ጋሼ፣ አስካለ ልትሞትብኝ ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ። እግዜር ይማራት።»

«ማዶ ያለው ጤና ረዳት መርፌ አለው። እባክዎን ይፍቀዱልኝ።»

ኮረሪማው ወደ ተሰጣበት ቆጥ ተመለከቱ።

«ሶርሳ፣ እዚህ ደጅ የመጣኸው አንተ ብቻ መሰለህ? ባለፈው ለቀማ ቦጋለች አንተ የቆምክበት ላይ ተንበርክካ ነበር። ልጇን ምናሴን ቀበርነው። ለእሷ የከለከልኩትን ላንተ ብፈቅድ ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?»

«ስለዚህ አስካለም ትሙት?»

«እኔ መች ትሙት አልኩ!» ተነስተው ትከሻዬን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «የመጣው ቢመጣ ግን ዕድሩ ካጠገብህ ነው። አዲሱን ድንኳን ነው የምንተክልልህ። ወንበሩም አዲስ ነው።»

የነደድኩት ያኔ ነው። አዲሱን ድንኳን! በቁሟ አንድ መርፌ የነፈጋት ሕዝብ ስትሞት አዲስ ድንኳን ቃል ገባላት። አልጋ ላይ ላለች ሴት አንድ ሰው የማይነሳ ሕዝብ፣ ሬሳ ሲሆን ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር ሳይቀር ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ያለ ሞት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ እንግዲያው ሞት እሰጠዋለሁ አልኩ። ጥሩንባው በእጄ ነው።

መንገዱን ተሻግሬ ጤና ረዳቱን ጌዲዮንን አገኘሁት።

«ነገ ጠዋት ለቅሶ ደራሽ መስለህ ና» አልኩት። «መርፌህን ከጋቢህ ሥር ያዝ።»

«አሽታቹስ?»

«ይሸፈናል።»

«ማን ሞቶ?»

«አስካለ።»

ፊቴን አተኩሮ አየኝ። «ሞታለች ወይስ ታማለች?»

«ሁለቱንም» አልኩት።

መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ምን ያህል እንደሚቆይም ጠየቅኩት። «ሦስት ክረምት የሚሉት እነሱ ናቸው። የለካ ሰው አላውቅም። የእኔ ሥራ መውጋት ነው» አለኝ። ስለዚህ ሦስት ክረምት ጓዳ ውስጥ እደብቃታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የተናደደ ሰው ዕቅድ ይኼው ነው።

ጎሕ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ጸጉሬ እስኪሸብት ነፍቻለሁ፣ በጥሩንባ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ስሟን ስጠራ ድምፄ ተሰበረ። ማስመሰል አልነበረም፤ ስሟ በእኔ አፍ ከዚያ ኮረብታ ላይ ሲወርድ እውነት የሞተች መሰለኝ። ቁልቁል እየሮጥኩ ስመለስ በየቤቱ ጥቁር ጨርቅ ሲወጣ አየሁ።

ጌዲዮን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። መርፌውን ወግቶ እየነቀለ ሳለ በሩ ተበርግዶ እትዬ ቦጋለች ገባች። እትዬ ቦጋለች የቀበሌያችን አስለቃሽ ናት፤ እሷ ሳትጀምር ለቅሶ አይደምቅም። ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ፣ እየጮኸች ገብታ፣ አልጋው አጠገብ ስትደርስ አስካለ አቃሰተች። እትዬ ቦጋለች ጩኸቷን ዋጠች። አስካለን አየች። ከዚያ የጌዲዮንን እጅ አየች፤ መርፌው ላይ ዓይኗ ቆሞ ቀረ። ከኋላዋ ጋሽ ላሊሶና ሌሎቹ እየተጋፉ ገቡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ላሊሶ።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ይዛችሁ መጣችሁ?» አልኳቸው።

አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ከመናገራቸው በፊት የኤልዳና ድምፅ ከግቢው ተሰማ። ኤልዳና የገዢዎቹ ወኪል ናት፤ ማኅተሙ ያለው በእሷ እጅ ነው። ለቅሶ አያመልጣትም፤ ትቀርጸዋለች።

«ነፍስ ይማር! መግባት ይቻላል? ለቅሶው ለምን ቆመ?»

ይህች ልጅ አንድ እርምጃ ብትገባ የዓመቱ ምርት ተራ ነው፣ የሁላችንም ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ሰው ሁሉ እኔን በጥላቻ አየኝ፤ አልፈርድባቸውም። እትዬ ቦጋለች በሩን በጀርባዋ ገጠመችው።

«ሬሳ ሳይገነዝ እንግዳ አይገባም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ደረቷን መታችና ሙሾዋን አወጣችው፦

«አንዲት መርፌ ጠፍታ በዚህ ሁሉ አገር፣
ልጄን አፈር በላው ኮረሪማ እንዳይቀር።»

አስካለን እያየች ነው ያለችው፤ የምታለቅሰው ግን ለአስካለ አልነበረም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ምናሴ በተቀበረ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተለቀሰም፤ ያኔ ሁሉም ጎረቤቱን እየፈራ ነበር። እሷ ቀጠለች፦

«እጃችን ንጹሕ ነው፣ የታጠበ በእንባ፣
መድኃኒት አይገባም፣ ሞት ነው የሚገባ።»

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ጮኸው አለቀሱ። ኤልዳና ከደጅ ሆና ቃል በቃል ሰማችው። ባህል መስሏት ቀረጸችው። «እንዴት ልብ ይነካል» ስትል በስንጥቁ በኩል ሰምቻታለሁ።

ጋሽ ላሊሶ ግንባራቸውን ይዘው «ቃሬዛ አምጡ» አሉ። በድፍረት አይደለም፤ በፍርሃት ነው። ፍርሃታቸውም ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። ከጓሮ የእንሰት ግንድ ተቆረጠ፣ በጋቢ ተጠቀለለ። ተሸካሚዎቹ መንገድ ላይ «አስካለ እንዲህ ከባድ ነበረች እንዴ?» እያሉ አማረሩ። የአጥቢያችን ወንጌላዊ ለግንዱ አጭር ጸሎት አደረገለት፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ኤልዳና አፈር ሲመለስ ጭምር ቀረጸች። እኔም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሚስቴ እቤት እንደምትድን ገና አላውቅም ነበርና።

ጌዲዮን በየቀኑ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለቅሶ ደራሽ መስሎ፣ መርፌውን ይዞ ይመጣ ነበር። በሠልስቱ ትኩሳቷ በረደ። ዓይኗን ገልጣ ድንኳኑን በበሩ በኩል አየች።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«ያንቺ።»

«ማንን አስፈቅደህ ነው የገደልከኝ?»

ነገርኳት። እያዳመጠችኝ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያ ተቆጣች።

«ስንት ጊዜ ነው ሞቼ የምቆየው?»

«ሦስት ክረምት።»

«ሶርሳ፣ አንተ ስትናደድ ጭንቅላትህ አይሠራም ብዬህ አልነበር?»

አሽታቹ ጨርቁ ሲነሳለት ጓዳ አስገባኋት። ቀበሌው በሙሉ ያወቀው ምስጢር ሆነ። ጎረቤት በጓሮ በኩል ምግብ ያቀብላል፤ ፊት ለፊት ሲገናኘኝ ግን «ነፍሷን ይማር» ይለኛል። አስካለ ይህን በግድግዳው ትሰማለች። ደግ ነበረች ይላሉ፣ ምላሷ ብቻ ያስቸግር ነበር ይላሉ። «እኔ እያለሁ ነበረች ይሉኛል» እያለች ጥርሷን ታፋጫለች። በሕይወት አስቀረኋት ብዬ ነበር። ጓዳ ውስጥ ስትመላለስ ሳያት፣ ግማሹን ብቻ እንዳስቀረሁ ገባኝ።

አንድ ቀን ኤልዳና አዲሱን ማሸጊያ አመጣችልኝ። ስጦታ ነው አለች። ማሸጊያው ላይ ያለው ፊት የእኔ ነው፤ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜ፣ አፌ ተከፍቶ፣ እንባዬ አገጬ ላይ። ከሥሩ «ሐዘናቸው እንኳ ንጹሕ ነው» ይላል። በአርባዋም የገዢዎቹ እንግዶች መጥተው መቃብሯ ላይ አበባ እንደሚያኖሩ፣ የዓመቱ ማኅተምም እዚያው እንደሚመታ ነገረችኝ። በደስታ ነው የነገረችኝ።

ማሸጊያውን ለአስካለ ሰጠኋት። ደጋግማ አነበበችው።

«እነዚህ ሰዎች» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተን እያለቀስክ ወጥ ውስጥ ሊከቱህ ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። ምንም ሳትል ስትቀር መፍራት ነበረብኝ።

በአርባው ቀበሌው በሙሉ መካነ መቃብሩ ላይ ተሰበሰበ። ማዶኞቹም መንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። ሁለት እንግዶች ነጭ ለብሰው መጥተዋል። ኤልዳና የአበባ ጉንጉኑን ይዛ ስለ ሟች ደግነት እየተናገረች ነበር። አስካለ በጠራራ ፀሐይ የለቀማ ልብሷን ለብሳ፣ በሰዉ መሃል አልፋ መጥታ ፊቷ ቆመች።

«አበባውን ለእኔ ስጪኝ» አለቻት። «መቃብሩ ውስጥ ያለው እንሰት ነው።»

አንዱ ሕፃን ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። ጋሽ ላሊሶ መሬት ላይ ተቀመጡ። በቃ፣ አለቀ አልኩ፤ ምርቱም እኛም። ኤልዳና ፊቷ አመድ መሰለ። ሰው ከሞት ሲነሳ ምን እንደሚባል አላስተማሯትም፤ ስለዚህ የምታውቀውን ብቻ አለች።

«እጅሽን።»

አስካለ ጠባሳው ያለበትን መዳፏን ኤልዳና ከቦርሳዋ ያወጣችው አሽታች ላይ ለጠፈች። ተነፈሰችበት። ጠበቅን።

አረንጓዴ በራ።

ኤልዳና አሽታቹን በቀሚሷ ጠርጋ ደገመችው። አረንጓዴ። አንዱን እንግዳ አስነካችው፤ ወዲያው ቀይ ሆነ። መሣሪያው ደኅና ነው። አስካለን እንደገና አስነካቻት። አረንጓዴ።

«መርፌ ተወግታለች» አለች እትዬ ቦጋለች። ድምጿ የእሷ አይመስልም። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንደ ሆነ ሆኖ ምርቱ ይቅር፤ እናገራለሁ። በየቀኑ ነው የተወጋችው። ሦስት ክረምት አይወጣም የተባለው ታዲያ የት ሄደ?»

ኤልዳና ወደ እንግዶቹ አየች። እነሱ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«እናቴ፣ ሦስት ክረምት የሚለው… በመለኪያ የተገኘ አይደለም» አለች። «ገዢዎች ሲጠየቁ የመረጡት ነው። ሌላም አማራጭ ነበር። ሦስት ክረምት ማሸጊያው ላይ ያምራል ተባለ።»

ማዶ ያሉት ሰዎች መንገዱን ወደ እኛ መሻገር ጀመሩ። የከለከላቸው አልነበረም።

እትዬ ቦጋለች ወደ ኤልዳና ተጠጋች። እጇን አላነሳችም፤ ጥያቄ ነው የጠየቀቻት።

«ልጄ፣ በአገራችን አራስ ስንት ቀን እንደምትተኛ ታውቂያለሽ?»

ኤልዳና አላወቀችም።

«አርባ» አሉ ሴቶቹ።

«አርባ። ጎረቤት ገንፎ እያመጣላት፣ ሥራዋን ሌላው እየሠራላት፣ አርባ ቀን ትተኛለች። ምርቱ አልጠፋም፣ ቀበሌው አልጠፋም፣ ማንም ምንም አላላትም።» ወደ ምናሴ መቃብር ጠቆመች። «ታዲያ ምናሴን ወግተው እንደ አራስ አርባ ቀን ቢያስተኙልኝ ምን ነበረበት? አርባ ቀን ብቻ ነበር ወይ ልጄን የነፈጋችሁኝ?»

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሄዱ፣ ኤልዳናም አበባውን መሬት ላይ ትታ ተከተለቻቸው። ማኅተሙ በዚያ ቀን አልተመታም። ስለ ምርቱ የጠየቀ ሰው እኔ አልሰማሁም።

እትዬ ቦጋለች ወደ እኔ ዞረች።

«ሶርሳ፣ ጥሩንባህን አምጣ።»

«ማን ሞተ ብዬ?»

«ምናሴ። ያኔ ዐረፈ ብለህ ነው የለፈፍከው። ልጄ አላረፈም። አስተካክለህ ጥራው።»

ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ሳይ ጋሽ ላሊሶ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ አስካለ አጠገባቸው ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች። ነፋሁ። የምናሴን ስም ጠራሁ፣ ተገድሏል አልኩ። ማን ገደለው የሚለውን መጨመር የጥሩንባ ነፊ ሥራ አይደለም።

«የገደልነው ገዢዎቹና እኛ ነን!» ብዬ ጮህኩ። «የሰማህ ሁሉ ና!»